አገጬን የያዘው ሰው

የልጅ ልጄ በተወለደ በማግስቱ ከሴት ልጄ ጋር ተጣላን። ደስታችን ገና አልበረደም፣ ጠያቂ ያመጣው ብርቱካን እንኳ አልተላጠም፤ እኛ ግን ተኮራርፈን እኔ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞረናል። መካከላችን የተኛው ደግሞ የዓለም ጣጣ ሳይነካው እንቅልፉን ይለጥጣል። ስሙ ጄይደን ኬንት ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አንዲት ወጣት የሕፃናት ሐኪም መጣች። ልጁን ገልበጥ ቀና አድርጋ ካየችው በኋላ፣ "ነገ ከመውጣታችሁ በፊት ይገረዝ ወይስ ይቆይ?" ብላ ጠየቀች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እኛ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ማሪንዱኬ ደሴት ላይ ወንድ ልጅ የሚገረዘው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በጋው ሲከር፣ ከእኩዮቹ ጋር። የሁለት ቀን ሕፃን መግረዝ ለእኔ የሁለት ቀን ሕፃን መዳር ማለት ነው። ልጄ ማሪሴል ግን ፈጠን ብላ፣ "ነገ ይሁን ዶክተር" አለች።

"ማንን ጠይቀሽ?" አልኳት።

"እናቱ አይደለሁ እንዴ አባዬ?"

"አባትስ የለውም?"

አባትየው ኤድጋር ጥግ ላይ ተቀምጧል። የማኒላ ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፣ ነገር ሲነሳ ጫማውን ማየት ይወዳል። አሁንም ጫማውን እያየ፣ "እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለ።

ሐኪሟ መሳቋን ለመደበቅ ሞከረች። "ግዴታ አይደለም። አሁን አሁን ጨርሰው የሚተዉትም አሉ፣ ሲያድግ ራሱ ይወስን የሚሉ። ተመካከሩና ነገ ጠዋት ትነግሩኛላችሁ" ብላ ወጣች።

ጨርሶ መተው! ይህች ልጅ "ሸለፈታም" ተብሎ ያደገ ልጅ አላየችም። በእኛ መንደር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሸለፈታም ከተባልክ የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ከሜዳ ውጭ ቆመህ የወጣ ኳስ ታቀብላለህ። የምትወዳት ልጅ እንኳ በአጠገብህ ስታልፍ ከጓደኞቿ ጋር ትንሾካሾካለች። እናትህ ጋር ሄደህ ብታለቅስ እሷም ትስቃለች።

"ስሚ ማሪሴል" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ "የጓደኛዬ የካርዲንግ የልጅ ልጅ ሦስት ወር ሆኖታል። እኩያው ነው። አብረው ይድረሱና አብረው ይሂዱ። ያ ልጅ በጊዜው ብቻውን ይሂድ?"

"አባዬ፣ አሁን ቢሆን አያውቀውም። ትንሽ ያለቅሳል፣ ጡት ይይዛል፣ አለቀ። አሥር ዓመት ሙሉ እየፈራ አያድግም። የሰፈራችን ልጆች እነ ሮሜል ከግርዘት ሸሽተው ስንት በጋ እንደተደበቁ ረሳኸው?"

"መፍራቱ ነዋ ቁም ነገሩ! ፈርቶ መሄዱ!"

"በአንድ ምላጭ አራት ልጅ! አሁን ይኼ ይናፍቃል? በሕይወት መኖርህ ራሱ ተአምር ነው።"

"ገራዣችን ማንግ ቴባን ምላጩን በድንጋይ እየሳለ ነበር።"

"አየኸው? 'ስሎት ነበር' ይለኛል፤ 'አጥቦት ነበር' አይለኝም!"

ኤድጋር ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔም እንዳልስቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከመስኮቱ ውጭ የኮኮናት ዛፎች ነፋስ ይዟቸው ይወዛወዛሉ። እነሱን ሳይ ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ።

ወንዙ ዳር ይወስደኛል የተባለው አያቴ ነበር። አባቴ የጭነት መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፤ አያቴ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ፣ "አንተን ወንዝ የምወስድህ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ብሞት ግድ የለኝም" ይል ነበር። ቃሉን ሳይፈጽም በዝናቡ ወራት ሞተ። ቀጥሎ በመጣው በጋ ጓደኞቼ ሲነሱ እኔ ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ ብዬ ተከተልኩ እንጂ ልቤስ ርዷል።

አራት ነበርን። ገና ሳይነጋ ወንዝ ገብተን፣ ከንፈራችን እስኪጠቁር፣ ቆዳችን እስኪጨማደድ ተዘፈዘፍን። ውኃው ያደነዝዛል ይባላል፤ እኔን ያደነዘዘኝ ፍርሃቱ ነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል ማንግ ቴባን መጣ። ሥራው አናጢነት ነው፤ ግርዘቱ የበጋ ሥራው ነበር። ሸለፈት የሚቆርጥበትን ቆልመም ያለ እንጨቱን መሬት ላይ ተከለ፤ ለእያንዳንዳችን ለጋ የዘይቱን ቅጠል ሰጠንና "አኝኩ፤ እንዳትውጡት" አለን። ቅጠሉ አፍ ይመጥጣል፣ ምላስ ያደርቃል። ያን ጣዕም አሁንም አስቤው ምራቄ ይሞላል።

"ማን ይቀድማል?" ሲል ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ካርዲንግ ነው የወጣው። በቁመት ከሁላችንም ያንሳል፤ በጉራ ግን የሚያክለው አልነበረም። ሲያልቅ ድምፁን አልሰማንም። ወጉ ወዲያው ወንዝ ዘሎ መግባት ነው፣ ቀዝቃዛው ውኃ ደሙን ያቆመዋልና። ካርዲንግ አልገባም። የታኘከው ቅጠል እንደተለጠፈበት፣ ደሙ በጭኑ እየወረደ እዚያው ቆመ። ተራው የእኔ ነበር። እንጨቱ ጋ ደርሼ ወደ ታች ልመለከት ስል አንድ እርጥብ እጅ አገጬን ያዘና ቀና አደረገኝ።

"ወደ ታች አትይ፤ የኮኮናቱን ጫፍ እይ" አለኝ ካርዲንግ። "ስንት ፍሬ አለው?"

"አይታየኝም።"

"ቁጠር ስልህ ቁጠር፣ አንተ ፈሪ!"

መቁጠር ጀመርኩ። ስንት እንደደረስኩ እንጃ፤ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ማንግ ቴባን ቅጠሉን ከአፌ ተቀብሎ ለጠፈብኝ፣ ካርዲንግም አገጬን ለቀቀና ሁለታችንም ተያይዘን ወንዝ ገባን። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ግን ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ስለነበርን እስከ ዛሬ ማንም እንባ ነው ሊል አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። የእናቶቻችንን ጉርድ ቀሚስ ለብሰን፣ ከፊት ለፊት በሁለት ጣት ከገላችን አርቀን፣ እግራችንን ከፍተን እንደ ዳክዬ መንደር ለመንደር እንጎተታለን። ሽማግሌ ያየን ሁሉ፣ "ሰው ሆናችሁ!" ይለናል። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ ቁስሉን ሴት እንዳታየው። ካየችው እንደ ቲማቲም ያብጣል። እኔ ደግሞ ጓሯችን ውስጥ፣ በተፈላ የዘይቱን ቅጠል ስታጠብ የጎረቤታችን ልጅ ሳቤል ልብስ ልታሰጣ ብቅ አለች። እሷ ጮኸች፣ እኔ ጮኽኩ። በማግስቱ እንደ ቲማቲም አበጥኩ። መንደሩ በሙሉ በእሷ ፈረደ። እናቷ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አስይዛ ይቅርታ እንድትጠይቅ ላከቻት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ፊቷን በክንዷ ሸፍና፣ "ኧረ አላየሁም፤ ባየውም የሚታይ አልነበረም" ብላ ሩዙን ጥላ ሮጠች። ነፍሷን ይማርና የማሪሴል እናት እሷ ናት። ካርዲንግ እኔን እስከ ዛሬ የሚጠራኝ "ቲማቲም" ብሎ ነው።

ይኼን ሁሉ ያሰብኩት በልቤ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻውን ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል።

"እናቴን ተዋት" አለች ማሪሴል ከአልጋዋ ላይ። "ያበጠው ከምላጩ ነው። መመረዝ ይባላል።"

"ይኼን ታሪክ እንዳትነኪው! ትዳሬ ነው!"

"እሺ፣ ትዳርህ ይሁን። ግን አባዬ፣ የቱ ወንዝ ነው? አሸዋውን አውጥተው ጨርሰውት ጉልበት እንኳ አያደርስም። ማንግ ቴባን ከሞተ ስንት ዘመኑ። አሁን ልጆቹ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎላቸው፣ ተሰልፈው፣ መርፌ ተወግተው ነው የሚገረዙት። አንተ ልጄን ልትሰደው የምትፈልገው ወደሌለ አገር ነው።"

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

የሆስፒታሉን ግቢ በደንብ አውቀዋለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምመጣው እዚሁ ነው። የምወደው አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር። እዚያ ሄጄ አኮረፍኩ። ብዙም ሳልቆይ ኤድጋር ሁለት ብርቱካን ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱን ልጦ ሰጠኝ። ሁለተኛውንም ልጦ ሰጠኝ። የሚናገረው ነገር እንዳለው ያኔ ገባኝ።

"እኔ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ የተገረዝኩት በተወለድኩ በሁለተኛው ቀን ነው። እናቴ ሐኪም ቤት ነበር የወለደችኝ።"

"ታዲያ? ምን ሆንክ? ሰው ነህ።"

"ይስሙኝማ አባባ። አሥር ዓመት ሲሞላኝ የሰፈሬ ልጆች ተሰባስበው ጤና ጣቢያ ሄዱ። እኔ የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ሲመለሱ ሁሉም ቀሚስ ለብሰዋል፤ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይስቃሉ፣ አብረው አይ አይ ይላሉ። ተገርዣለሁ ብላቸው ማን ያምነኛል? 'መቼ? ከማን ጋር? እግርህን ከፍተህ ስትሄድ አላየንህም!' ይላሉ።"

"ብታሳያቸውስ?"

"ምን ነካዎት አባባ! አፍራለሁ እንጂ!" ፊቱ ቀላ። "ስለዚህ የእናቴን ቀሚስ ሰረቅሁ። ቀይ የቁስል መድኃኒት ቀባሁበት። እግሬን ከፍቼ ወጣሁ። ተቀበሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን በክር የሚበር የልጆች ካይት በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ማስመሰሉን ረሳሁትና ሮጥኩ። አጥር ዘለልኩ።"

"ወይኔ ልጄን!"

"በቃ። የተገረዝኩት ልጅ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ 'ሸለፈታሙ' ተብዬ ቀረሁ።"

ልስቅ ፈለግሁ፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ግን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ዓይን ነበር።

"ማሪሴል ትክክል ናት" አለ ቀስ ብሎ። "ሕመሙን አላስታውሰውም። ችግሩ ሌላም የማስታውሰው ነገር የለኝም።"

"ይኼን ነግረሃታል?"

"ለሚስት ይነገራል እንዴ ይኼ?"

ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። ክፍሉ ስንገባ ማሪሴል ልጁን እያጠባች ነበር። ኤድጋር ጫማውን እያየ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ቀሚሱ ላይ ሲደርስ ሳቀች። ካይቱ ላይ ሲደርስ ሕፃኑ ከጡቷ እስኪላቀቅ ሳቀች። "ሸለፈታሙ" ላይ ሲደርስ ግን ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ እኛም ሁለታችን ደነገጥን።

"ምን ሆንሽ? ያለፈ ነገር እኮ ነው" አላት ኤድጋር።

"የማለቅሰው ለአንተ አይደለም።" እንባዋን በሕፃኑ ጨርቅ ጠረገች። ከዚያ እኔን አየችኝ። "አባዬ፣ አሥር ዓመት ሩቅ ነው።"

ስለ ኩላሊቴ ቤታችን ውስጥ አይወራም። ሐኪሙ የነገራትን እሷ ትደብቀኛለች፤ እኔም እንዳወቅሁ እደብቃታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"አሁን እንዲሆን የፈለግሁት" አለች፣ "አንተ እያለህ እንዲሆን ነው። አንተ እጅ ላይ ሆኖ። ወንድ ልጅ ስወልድ አባዬ ነው የሚወስደው እያልኩ ነው ያደግሁት። ከዚያ ትልቅ ሲሆን፣ 'አያትህ ይዞህ ነበር' እለዋለሁ። ምላጭና መመረዝ ያልኩት… እሱም እውነት ነው። ግን ለእሱ ብቻ አልነበረም።"

እኔ የጀልባ ሠሪ ነኝ፤ ስንት ማዕበል የሚችል እንጨት ገጥሜያለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ከእኔ ጋር ስትከራከር የዋለችው ለእኔ ብላ ነው። እኔ ሞኙ ደግሞ ወንዙን እንደሰረቀችኝ ቆጥሬ አኮረፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኼው ነው።

"የእኔን አያት ነግሬሽ አውቃለሁ?" አልኳት።

"ይወስደኛል ብሎ የሞተውን?"

"አዎ። እኔም እሱ ሳይኖር ምን ይውጠኛል ብዬ ነበር። አባቴም አልነበረም። ወንዙ ዳር ግን አያት አያስፈልግም ማሪሴል። አያት ቢኖር ኖሮ ዳር ቆሞ ሲጋራውን ያጨስ ነበር። ወደ ታች እንዳላይ፣ የራሱ ደም በጭኑ እየወረደ፣ ኮኮናት እያስቆጠረ አገጬን የያዘው ካርዲንግ ነው። የዚህ ልጅ አገጭ እኔን አይፈልግም። የሚፈልገው እኩያ ነው።"

"ራሱ እምቢ ቢልስ?" አለ ኤድጋር። "ሐኪሟ እንዳለችው፣ አድጎ አልፈልግም ቢል?"

ይኼን ጥያቄ ጠዋት ብጠየቅ ባርኔጣዬን እወረውር ነበር። አሁን ግን ኤድጋርን አየሁት፤ ተገርዞም ብቻውን የቀረውን።

"እምቢ ካለ እምቢ አለ። ማንም አያስገድደው። ግን ከካርዲንግ የልጅ ልጅ ጋር ይሂድና የእሱን አገጭ ይያዝ። ወንዝ ከሌለ ድንኳን ይሁን፤ ኮኮናት ከሌለ የድንኳኑን ቀዳዳ ይቁጠሩ። ይኼን ካደረገ ሸለፈታም የሚለውን እኔ ከመቃብሬ ተነስቼ አናግረዋለሁ።"

ማሪሴል እያለቀሰች ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ስትመጣ፣ "ይቆይ" አለቻት።

ቤት የገባን ዕለት ካርዲንግ የልጅ ልጁን በክንዱ ታቅፎ መጣ። ጥርሱ አልቋል፣ ጉራው እንዳለ ነው። "የቲማቲም የልጅ ልጅ የታለ? አሳዩኝ፤ እሱም ያብጣል እንዴ?" እያለ ገባ። ሁለቱን ሕፃናት ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። የእሱ እጁን ወርውሮ የእኛን ጆሮ ያዘ፤ የእኛ ጩኸቱን አቀለጠው።

"ጀመሩ!" አለ ካርዲንግ ኮርቶ።

ማሪሴል ልጇን አንስታ እያባበለች ስለ አገጩ ነገር አነሳችበት። እሷ የምታውቀው ምላጩንና ቲማቲሙን ብቻ ነበር፤ የካርዲንግን እጅ የነገርኳት ያን ቀን ሆስፒታል ነው። "እውነት ደምህ እየወረደ ቆምክ?" አለችው።

"ምን ላድርግ፣ አባትሽ ወደ ታች ሊያይ ነበር። ወደ ታች ያየ ይወድቃል።"

"ያንተንስ አገጭ ማን ያዘው?"

ካርዲንግ አፉን ከፈተ፣ ቀልድ ሊያወራ መስሎኝ ነበር። ባዶ ድዱን በምላሱ አሸት አሸት አደረገ።

"ማንም" አለ። "እኔ እኮ የመጀመሪያው ነበርኩ። ወደ ታች አየሁ፤ ሁሉንም አየሁ። ሰው አገጩን የሚይዝለት እንደሚያስፈልገው የገባኝ ያኔ ነው። ለዚህ ነው ወንዝ ያልገባሁት።"

ስንት ዘመን ጎን ለጎን ኖርን። ጀልባ አብረን ሠራን፣ ሚስቶቻችንን አብረን ቀበርን፣ ስንት ጊዜ ያን ቀን እያነሳን ሳቅን። አንድ ቀን ግን ይኼን አልጠየቅሁትም። በእኔ ዘንድ ካርዲንግ የማይፈራ ሰው ነበረ፣ አለቀ።

ተነሳሁ። እጄ በእጥበቱ መርፌ ብዛት ጠቁሮ አብጧል፤ ቢሆንም ዘረጋሁትና ያን ሽበት የወረረውን አገጭ ይዤ ቀና አደረግሁት። በመስኮቱ በኩል የጎረቤታችን ኮኮናት ጫፍ ይታያል።

"ስንት ፍሬ አለው?" አልኩት።

"አንተ ቲማቲም፣ ልቀቀኝ።"

"ቁጠር ስልህ ቁጠር፣ አንተ ፈሪ።"

እጄን አልገፋውም። ዓይኑን ወደ ዛፉ አደረገና ድምፁ እየተቆራረጠ ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ጀመረ።